ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ባንዳ ነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ቡናዬ ብቻ ነን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ሰሞኑን አንድ ሰውዬ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። መርኩሪዮ ቡዋ ይባላል። ስሙን ስሰማ ትዝ ያለኝ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በጥቁር ፈረስ የምናየው ቅዱስ መርቆሬዎስ ነው። ይሄኛው ግን ቅዱስ አይደለም። ኧረ በጭራሽ!

ሰውዬው አልባኒያዊ ነው። የተወለደው ግን በ1478 ገደማ፣ ዛሬ ግሪክ ውስጥ ባለችው ናፍፕሊዮ ነው። ያኔ ከተማዋ ጣሊያን ውስጥ ያለችው የቬኒስ ሪፐብሊክ ነበረች። ዙሪያውን ኦቶማኖች እየዋጡት ነው። ልጁ ወደ ጣሊያን ተሻገረ፣ የቬኒስ ፈረሰኛም ሆነ።

እነዚህን ፈረሰኞች ስትራዲዮቲ ይሏቸው ነበር። አብዛኞቹ አልባኖችና ግሪኮች ናቸው። የጊዜው ባላባት ጥሩር ለብሶ፣ ፈረሱንም ብረት አልብሶ ነበር የሚዘምተው። እነሱ ግን ቀለል ብለው፣ ጦርና ጎራዴ ይዘው ይመጣሉ። ወግተው ይሸሻሉ። አባረርኩ ብሎ የተከተላቸውን ደግሞ ዞረው ይጨርሱታል። በዘመኑ ያያቸው ፈረንሳዊው ኮሚን፣ ዓመቱን ሙሉ ከነፈረሶቻቸው ሜዳ ላይ እንደሚያድሩ ጽፏል። ቬኒስም ለቆረጡት ለእያንዳንዱ ራስ አንድ ዱካት፣ ማለትም አንድ የወርቅ ሳንቲም ትከፍላቸው ነበር።

አንድ ዱካት። በራስ ሒሳብ። እዚህ ላይ ስደርስ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

በ1495 ጣሊያን ውስጥ፣ ፎርኖቮ ላይ የፈረንሳዩን ንጉሥ ሻርል 8ኛን ሊያጠቁ ተላኩ። የንጉሡን ጓዝ ሲያዩ ግን ውጊያውን ትተው ዘረፋ ውስጥ ገቡ። እንዲህ ያለ ጦር ነበር እንግዲህ።

ቡዋ ደግሞ አንድ ጌታ አይበቃውም። ከቬኒስ ወጥቶ ለፈረንሳዩ ሉዊ 12ኛ ተዋጋ። ከዚያ ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን አደረ። ያን ጊዜ ማክሲሚሊያን ከቬኒስ ጋር እየተዋጋ ነው! ከቬኒስ ወገን ያሉት ፈረሰኞችም ያው የአገሩ ልጆች ናቸው። በ1513 ደግሞ ተመልሶ ቬኒስ ገባ። ቬኒስም ተቀበለችው። ፈረሰኛ ያስፈልጋት ነበራ።

አያቴ አንድን ሰው «ባንዳ» ካሉት በቃ፣ ከዚያ በኋላ ስሙን አያነሱም። ቃሉ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ እኛ ግን በደም ነው የተማርነው። ስለዚህ የቡዋን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ቆይቼ ግን አልገጥም አለኝ። ባንዳ ለመሆን መጀመሪያ የሚከዳ አገር ያስፈልጋል። ኦቶማኖችን ሲዋጋ የኖረው የአልባኒያ መሪ ስካንደርቤግ በ1468 ሞቷል። የአልባኒያዋ ከተማ ሽኮደር በ1479 በኦቶማኖች እጅ ገብታለች። ልጁ ነፍስ ሲያውቅ የሚያድርለት የአልባኒያ ንጉሥ የለም። ማንን ይክዳ?

ይሄን ስል ጠበቃው የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ራሱን የተቆረጠው ምስኪን ወታደርም እናት ነበረችው። አገር ማጣት ያን ዱካት አያጸዳውም። እኔን የቸገረኝ ስሙ ነው። ባንዳ አልለው፣ ጀግና አልለው። ቅጥረኛ ብለው ደግሞ ቤቱን ያጣበትን ነገር ሁሉ የዘለልኩት ይመስለኛል።

በ1540 ናፍፕሊዮም ለኦቶማኖች ተሰጠች። ቡዋ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ውስጥ፣ ትሬቪዞ ሞተ። መቃብሩ እዚያው በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሚያምር የእምነበረድ ሐውልት ነው። እሱም ቢሆን ከሌላዋ የጣሊያን ከተማ ከፓቪያ የዘረፈው ነው።

አያቴ ይሄን ቢሰሙ ከት ብለው ነበር የሚስቁት።