ያገለገለ የኮርስ ብስክሌት በጥሩ ዋጋ ለመግዛት ምን ማየት ይገባል?

(በምስል፦ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሎ አቧራ የለበሰ የብረት ኮርስ ብስክሌት)

ጤና ይስጥልን፣ ውድ ተመልካቾች። ዛሬ የምንነጋገረው ከ1970ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ማብቂያ ስለተሠሩ የብረት ኮርስ ብስክሌቶች ሲሆን፣ እነርሱንና መለዋወጫቸውን በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያ እንዴት በጥሩ ዋጋ ማግኘት እንደሚቻል እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ወገኖቻችን በአካባቢያችሁ የተዘረጉትን የብስክሌት መንገዶች ታውቋቸዋላችሁ። ከአርሊንግተን ተነሥቶ እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል ያህል ለሚዘልቀው፣ አስፋልት ለለበሰው የዋሽንግተንና ኦልድ ዶሚኒየን መንገድ፣ አርባ ዓመት የሞላው ነገር ግን በወጉ የተያዘ የብረት ብስክሌት ዛሬም ብቁ ነው። በዚህ ገበያ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው የሚለጠፈውን ዋጋ ብቻ አይቶ ሲገዛ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድመን ልናውቀው የሚገባን ብስክሌቱ መንገድ ላይ እስኪወጣ ድረስ በጠቅላላው ስንት እንደሚፈጅ ነው።

እንዲህ ያለ ብስክሌት በአሜሪካ በብዛት የሚገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አገሩን ታላቅ የብስክሌት ፍቅር ያዘው፤ በ1973 ብቻ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ብስክሌቶች ተሸጡ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት የተጀመረው የነዳጅ ማዕቀብም ፍላጎቱን አባባሰው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ፍላጎቱን ብቻቸውን ማርካት ስላልቻሉ ከእንግሊዝ ራሌይ፣ ከፈረንሳይ ፔዦ፣ ከጣሊያን ቢያንኪ፣ ከጃፓን ደግሞ ፉጂና ሌሎችም በገፍ ገቡ። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ከነዱ በኋላ ብስክሌታቸውን ጋራዥ ሰቀሉት። ዛሬ እነዚያ ሰዎች አርጅተው ወደ ትንሽ ቤት ሲዛወሩ፣ ወይም ሲያርፉና ልጆቻቸው ቤቱን ባዶ ሲያደርጉ፣ ያ ሳይነዳ የቆየ ብስክሌት ወደ ገበያ ይወጣል። ለዚህም ነው መንገድ ላይ ሲንገላታ ከኖረው ይልቅ ከሟች ቤት የዕቃ ሽያጭ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የተሻለ የሚሆነው።

ዋጋውን በአብዛኛው የሚወስነው ቱቦው ላይ የተጻፈው ስም ነው። ኮልናጎ፣ ቺኔሊ፣ ማዚ ወይም ዴ ሮዛ የሚል ጽሑፍ ካለ ሰብሳቢዎች ስለሚሻሙበት ቅናሽ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። በአንጻሩ ሚያታ፣ ፓናሶኒክ፣ ኒሺኪ፣ ሴንቱሪየን እና ዩኒቬጋ የሚባሉት ስሞች ለአብዛኛው ሻጭ ምንም አይነግሩትም፤ ፓናሶኒክን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ስም አድርጎ ብቻ የሚያስብም አለ። እነዚህ ብስክሌቶች በ1980ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ በጃፓን ፋብሪካዎች እጅግ በጥንቃቄ ይሠሩ ነበር። ሚያታ ቱቦውን ሳይቀር ራሱ ያመርት ነበር፤ በዩኒቬጋ ስም አሜሪካ ከተሸጡት መካከልም ብዙዎቹ ከዚሁ ከሚያታ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። በመስከረም 1985 ታላላቆቹ የኢኮኖሚ አገሮች በኒው ዮርክ ፕላዛ ሆቴል ከተስማሙ በኋላ የጃፓን ገንዘብ በዶላር ላይ በፍጥነት ስለተወደደ፣ የጃፓን ብስክሌት በዚያ ዋጋ መሸጥ አዳጋች ሆነና አስመጪዎቹ ፊታቸውን ወደ ታይዋን አዞሩ። ስለዚህ ከ1978 እስከ 1987 አካባቢ የተሠራ የጃፓን ኮርስ ብስክሌት በእኔ ግምት በዚህ ገበያ ውስጥ ለገንዘቡ ከፍተኛውን ጥራት የሚሰጥ ነው።

(በምስል፦ የኋላ ማርሽ መቀየሪያ በቅርበት)

ከመለዋወጫዎቹም መካከል እንዲሁ ከዋጋው በላይ የሚሠራ አለ። ሰንቱር የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1964 ዘንበል ብሎ የሚንቀሳቀስ የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ፈጠረ። ይህ መቀየሪያ ካቴናውን ከትንሹ ጥርስ ወደ ትልቁ ሲያሻግር ከሁሉም ጥርሶች ያለውን ርቀት ተቀራራቢ አድርጎ ስለሚጠብቅ፣ ያን ጊዜ እጥፍ ይሸጡ ከነበሩት የአውሮፓ መቀየሪያዎች የላቀ ሥራ ይሠራል። የፈጠራ መብቱ በ1984 ሲያበቃ ሌላው የጃፓን መለዋወጫ ሠሪ ሺማኖ ሐሳቡን ወስዶ፣ ማንሻው በእያንዳንዱ ማርሽ ላይ ‘ቀጭ’ እያለ እንዲቆም ከሚያደርገው ከራሱ አሠራር ጋር አዋሐደው፤ ዛሬ የምናያቸው የኋላ መቀየሪያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የዚያ ንድፍ ዘሮች ናቸው። ሰንቱር ራሱ ግን ከገበያ ስለጠፋ ዕቃው በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ጣሊያኑ መለዋወጫ ሠሪ እንደ ካምፓኞሎ አይወደድም። ብስክሌቱ ላይ የሰንቱር መቀየሪያ ካያችሁ ዋጋውን ዝቅ የሚያደርግ ጉድለት አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ ታጥቦ ዘይት ሲነካው ያለ አንዳች ችግር ይሠራል።

የብስክሌቱ ዋና አካል ቴላዮው፣ ማለትም ከቱቦዎች የተገጣጠመው አጽሙ ነው፤ ጎማም ሆነ ካቴና ይለወጣል፣ ቴላዮው መጥፎ ከሆነ ግን የሚለወጥ ነገር የለም። ቱቦው ላይ ሬይኖልድስ 531 የሚል ተለጣፊ ካለ ከ1935 ጀምሮ ሲመረት የኖረ የተመሰገነ የእንግሊዝ ብረት ነው፤ የጣሊያኑ ኮሎምበስና የጃፓኖቹ ታንጌና ኢሺዋታም አስተማማኝ ናቸው። ተለጣፊው ከተላጠ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ። ኮርቻውን የሚሸከመውን ምሰሶ መዝዛችሁ ታችኛው ጫፉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። 27.2 ሚሊሜትር ወይም ለዚያ የቀረበ ከሆነ የቴላዮው ቱቦ ግድግዳው ስስ፣ ብስክሌቱም ቀላል መሆኑን ያመለክታል፤ 25.4 ከሆነ ግን የቱቦው ውፍረት ብዙውን ጊዜ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከባድ ተራ ብረት ነው። የኋላ ጎማ የሚገባበትን ጫፍም ተመልከቱ፤ ወፍራም ሆኖ የማርሽ መቀየሪያውን የሚይዘው ጆሮ ከእርሱው ጋር አንድ ላይ የተቀጠቀጠ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከስስ ላሜራ የተቆረጠ ከሆነና መቀየሪያው በተለየ ብረት ከታሰረ ርካሽ ሥራ ነው።

(በምስል፦ ጣት በታችኛው ቱቦ ሥር ሲዳብስ)

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ፤ ይህ ክፍል ችኮላ አይወድም። መጀመሪያ ብስክሌቱ ቁመታችሁን የሚመጥን መሆኑን አረጋግጡ፤ የማይመጥን ብስክሌት በነፃም ቢሰጥ ውድ ነው። ቀጥሎ የፊት ሹካው ከተተከለበት አጭር ቱቦ ጀርባ፣ በታችኛው ቱቦ ሥር ጣታችሁን በቀስታ አሳልፉ። ቀለሙ ተሰንጥቆ ወይም ብረቱ እንደ ቆዳ ሽብሽብ ብሎ ከተሰማችሁ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ተጋጭቷል ማለት ነውና ሌላ ፈልጉ። ከጎን ሆናችሁ ስታዩትም የሹካው መስመር ከላይኛው አጭር ቱቦ ጋር ቀጥ ብሎ መውረድና ከታች ወደ ፊት መታጠፍ አለበት፤ ወደ ኋላ የተገፋ ሹካ ያንኑ ግጭት ይመሰክራል። ከዚያ የኮርቻው ምሰሶና የመሪው አንገት ቡሎናቸው ሲላላ መንቀሳቀሳቸውን ሞክሩ። አሉሚኒየም በብረት ውስጥ እርጥበት ይዞ ለዓመታት ሲቀመጥ ሁለቱ ይጣበቃሉ፤ ይህን ማላቀቅ አንዳንድ ጊዜ ለቀናት የሚቆይ ሥራ ነው፣ ቴላዮውንም ሊያበላሽ ይችላል። ላይ ላዩን ያለ ዝገት ግን ሊያስደነግጣችሁ አይገባም። ክሮም የተቀባ ብረት ላይ የታየ ዝገት በውኃ በራሰ የአሉሚኒየም ፎይል ሲፈተግ አብዛኛው ይለቃል፤ የሚያሰጋው ቀለሙን ከሥሩ አሳብጦ ያነሣው ዝገት ነው።

የልኬት ነገር ሌላው ኪስ የሚያራቁት ጉዳይ ነው። በ1970ዎቹ የተሠሩ የፈረንሳይ ብስክሌቶች የፔዳል ዘንግ ቤታቸው 35 ሚሊሜትር ሆኖ የመጠምዘዣው ጥርስ የተለየ ስለሆነ የእንግሊዝ ልክ ዕቃ አይገባባቸውም፤ መሪውን የሚይዘው አንገትም 22 ሚሊሜትር ሲሆን የሌሎቹ 22.2 ነው፣ ይህች ጥቂት ልዩነት ሌላ አንገት እንዳይገባ ለማድረግ ትበቃለች። የፔዦ ብስክሌቶች ውብ መሆናቸውን አልክድም፤ ዴልሪን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራው የሲምፕሌክስ መቀየሪያቸው ግን በእድሜ ብዛት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለጀማሪ የፈረንሳይ ብስክሌት አልመክርም፣ ዕቃው በሙሉ ጤነኛ ካልሆነ በስተቀር። የጎማ ልክም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው፦ የቀድሞው 27 ኢንች ሲሆን ቸርኬው 630 ሚሊሜትር ነው፣ አሁን የተለመደው 700ሲ ደግሞ 622 ነው። የፍሬኑ ጎማ 4 ሚሊሜትር ወደ ታች መውረድ ከቻለ አዲሱን ቸርኬ በአሮጌው ብስክሌት ላይ ማሰር ይቻላል፤ ይህን ሳትለኩ ቸርኬ አትግዙ። የኋላው ቸርኬ የሚገባበት ክፍተት ደግሞ ከኋላ ባለ አምስት ማርሽ በሆኑት 120፣ ባለ ስድስትና ሰባት በሆኑት 126 ሚሊሜትር ነው። ብረት ስለሆነ አዋቂ ሰው በጥንቃቄ ወደ 130 ሊያሰፋው ይችላል፣ በአሉሚኒየም ቴላዮ ላይ ግን ይህ በፍጹም አይሞከርም። በማሳቹሴትስ የሃሪስ ሳይክለሪ መካኒክ የነበሩትና በ2008 ያረፉት ሼልደን ብራውን ስለነዚህ ልኬቶች የጻፏቸው ማብራሪያዎች እስካሁን የመካኒኮች መመሪያ ናቸው።

ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ ሒሳቡን አስሉ። ብዙ ዓመት የቆመ ብስክሌት ሁለት ጎማ፣ ሁለት ካለማዳሪ፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎች፣ የፍሬን ጎማዎችና ካቴና ይፈልጋል፤ ሥራውን ራሳችሁ ብትሠሩት እንኳ ዕቃው ብቻ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር ያልፋል። ስለዚህ ጎማው የተሰነጠቀ ባለ 80 ዶላር ብስክሌት፣ ጎማና ሽቦው በቅርቡ ከተለወጠለት ባለ 150 ዶላር ብስክሌት ይበልጥ ውድ ሊሆን ይችላል። ካቴናውን በማስመሪያ ለኩ፦ አሥራ ሁለት ሙሉ ጥንድ ማያያዣዎች 12 ኢንች ሊሆኑ ይገባል፤ ከዚያ በላይ አንድ ስምንተኛ ኢንች ከተረዘመ የኋላ ጥርሶቹም ተበልተው ይሆናልና እርሱንም በሒሳቡ ውስጥ አስገቡ። ይህን ስሌት ለሻጩ በትህትና ብታስረዱት ከባዶ ክርክር ይልቅ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፦ ሻጩ የባላቸውን ዕቃ የሚሸጡ አዛውንት እናት ከሆኑና ብስክሌቱ ውድ መሆኑን ካወቃችሁ ንገሯቸው። ጥሩ ዋጋ ማለት የሰውን አለማወቅ መበዝበዝ ማለት ሊሆን አይገባም።

ፍለጋውን በፌስቡክ ማርኬትፕሌስና በክሬግስሊስት ጀምሩ፣ ነገር ግን እንደ አዋቂ ሳይሆን እንደ ሻጩ አስባችሁ ፈልጉ። የብስክሌቱን ስም የሚያውቅ ሻጭ ዋጋውንም ያውቃል፤ ስሙን የማያውቀው ግን ‘ቴን ስፒድ’ (ባለ አሥር ማርሽ) ወይም ‘አሮጌ የአባቴ ብስክሌት’ ብሎ ይጽፋል፣ የስሙንም ፊደል ያዛባል። ክረምቱ በገባበት ከኅዳር እስከ የካቲት ፈላጊ ስለሚቀንስ ዋጋው ይወርዳል። የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ደግሞ ተማሪ በሚለቅበት በግንቦት ወር ይመቻሉ። ማስታወቂያው ላይ የማርሽ መቀየሪያው ጀርባ ከታየ የሺማኖን ዘመን ማወቅ ትችላላችሁ፦ ከተቀረጹት ሁለት ፊደላት የመጀመሪያው ዓመቱን ከ1976 ጀምሮ በቅደም ተከተል፣ ሁለተኛው ወሩን ያመለክታል፤ ‘ኤች ቢ’ የሚል የካቲት 1983 ነው። ከመክፈላችሁ በፊት በፔዳል ዘንግ ቤት ሥር የሚገኘውን ተከታታይ ቁጥር ባይክ ኢንዴክስ በተባለው ነፃ መዝገብ ላይ ፈትሹ፤ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ዋጋው ምንም ያህል ቢስብ ተዉት።

መለዋወጫ ለብቻው መግዛት ውድ መንገድ መሆኑንም ልብ በሉ። መቀየሪያ፣ ፍሬን፣ የፔዳል ክንድና ቸርኬ አንድ በአንድ ሲገዙ የመላኪያው ሒሳብ ብቻ ያማርራል፤ ቴላዮው የተጎዳ ነገር ግን ዕቃው የተሟላ ብስክሌት ሙሉውን ገዝታችሁ ብትፈቱት ብዙ ጊዜ ከሁለት መለዋወጫ ዋጋ አይበልጥም። ሳትጠብቁት የብሩክስ የቆዳ ኮርቻ ካገኛችሁ ደግሞ እርሱን ብቻ ሸጣችሁ የከፈላችሁትን ልትመልሱ ትችላላችሁ። በብዙ ከተሞች ያሉ የማኅበረሰብ የብስክሌት ሥራ ቤቶችም፣ እንደ ቺካጎው ወርኪንግ ባይክስና እንደ ቦስተኑ ባይክስ ኖት ቦምብስ ያሉት፣ በስጦታ የተሰበሰቡ ብስክሌቶችን አድሰው ይሸጣሉ። በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ቤት ካለ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስፈልግ ልዩ መፍቻ ከመግዛት ያድናችኋል።

ብስክሌቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ፍሬኑ ነው፤ ቀለሙና ማሳመሩ ይቆይ። የደረቀውን የፍሬን ጎማ ለውጡ፣ የዛገውን ሽቦ አውጡ፣ ከዚያ የፊትና የኋላ ኩሽኔታዎችን ፈትታችሁ የደረቀውን ግሪስ በመጥረግ በአዲስ ተኩ። ቸርኬው ክሮም የተቀባ ብረት ከሆነ ዝናብ ሲነካው ፍሬን እጅግ ዘግይቶ ይይዛል። ገንዘብ ሲኖራችሁ በቅድሚያ የምትለውጡት እርሱን ይሁን፣ በአሉሚኒየም ቸርኬ፤ እስከዚያው ግን ዝናብ በጣለ ቀን ከቁልቁለት በፊት አስቀድማችሁ ፍሬኑን በስሱ ያዝ ያዝ እያደረጋችሁ ቸርኬውን አድርቁት።