ስልክ ላይ የምንጽፈውና ሐይቁ ዳር የምናገኘው

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ የሐዋሳ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ እስቲ እዪልኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። የትዳር ፈላጊዎች በቴሌግራም የሚገናኙበት ገጽ ነው። አንዱ «ዕድሜዋ ከ25 ያልበለጠ፣ ቀይ፣ ቁመናዋ ያማረ» ይላል። ከሥሩ አንዲት ሴት «ቋሚ ሥራ ያለው፣ ቢቻል ቤት ያለው» ብላለች። ወንዱ ስለ ራሱ አስቀድሞ የጻፈው ደመወዙን ነው፤ ሴቲቱ ያስቀደመችው ፎቶዋን።

ይህ የእኛ ከተማ ብቻ አመል አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ በስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት፣ ከ37 ባህሎች የተውጣጡ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው ወንዶች ለመልክና ለወጣትነት፣ ሴቶች ለገቢ የበለጠ ዋጋ መስጠታቸው ታይቷል። ይህን ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል። ሁለቱም ፆታዎች ደግነትንና አስተዋይነትን ከመልክም ከገንዘብም ማስቀደማቸውን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው።

«ሴት ገንዘብ ትወዳለች» ሲባል ያንገበግበኛል። አሊስ ኢግሊና ዌንዲ ውድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 እንደገና ሲመረምሩት፣ ሴቶች ከወንዶች ጋር ይበልጥ እኩል በሆኑባቸው አገሮች በገቢ ጉዳይ ያለው ልዩነት ጠቦ አገኙት። እዚሁ ኢንዱስትሪ ፓርካችን የምትሠራ፣ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይታ የምትኖር ልጅ «ሥራ ያለው» ብላ ስትጽፍ የምታስበው የወሩን ኪራይ ነው። ስግብግብነት አትበሉት።

ወንዶች ልጆቻችንም ይጎዳሉ። የሰው መኪና ተደግፎ ፎቶ የሚነሳው ልጅ፣ ባዶ እጁን ከመጣ ማንም እንደማያየው አምኗል። ይህን እምነት ያስተማርነው እኛው ነን።

ደግሞም የጻፍነውን አንመርጥም። ፖል ኢስትዊክና ኤሊ ፊንከል እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልጉ አስቀድመው ሲጠየቁ ያው የተለመደው የወንድና የሴት ልዩነት ታየ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ለጥቂት ደቂቃ ካወሩ በኋላ ግን በማን እንደሚሳቡ ያ ምኞታቸው ሊጠቁም አልቻለም።

የእህቴን ልጅ «ከገጹ ላይ የመረጥሽውን ልጅ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፍቅር ሐይቅ፣ ሰው ባለበት አግኚው» አልኳት። ሄደች። ስትመለስ ስለ ደመወዙ አላነሳችም። የነገረችኝ፣ ያዘዙት ዓሣ ዘግይቶ ሲመጣ አስተናጋጇን እንዴት አድርጎ እንዳናገራት ነው።

አመሰግናለሁ።