የሰርቪሱ ክላክስ

ጡረታ ለተቃረቡ ሠራተኞች ኮምቦልቻ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ፤ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶቼም። ወንበር ያልደረሳችሁ በግድግዳው በኩል ጠጋ ጠጋ በሉ። ከደሴ የመጣችሁ ደግሞ ሹራባችሁን አውልቁ። የሐረጎን ዳገት ከወረዱ በኋላ ማን ሹራብ ይለብሳል?

እኔ 31 ዓመት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። እንጀራዬ የሰው ፋይል ነበር። ቅጥር፣ ዕድገት፣ የዓመት ፈቃድ፣ መጨረሻ ላይ ጡረታ። ስንቱን ሸኝቻለሁ መሰላችሁ! ዳቦ ይቆረሳል፣ ጋቢ ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሳል። «እንግዲህ ይረፉ» እንላቸዋለን። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆኑ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ፋይሉን ዘግቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጥና ምሳዬን ልበላ እወጣለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት የእኔም ፋይል ተዘጋ። እኔም ጋቢዬን ለበስኩ።

የሸኙኝ ዓርብ ነው። ቅዳሜና እሑድ እንግዳ ሲገባ ሲወጣ አለፈ። ሰኞ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነቃሁ። ልማድ ነዋ። ታጥቤ፣ ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በሩ ጋ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። እዚያው ቆምኩ። 1 ሰዓት ሲሆን ሰርቪሱ መጣና ክላክሱን ነፋ። ሁለት ጊዜ። ሹፌራችን ሁሌም ሁለት ጊዜ ነው የሚነፋው። ከእኛ መታጠፊያ የምሳፈረው እኔ ብቻ ነበርኩ። ረስቶት ይሆናል። ትንሽ ቆመና ሄደ።

ባለቤቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ «ማን ነው?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት።

በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ከአጥሩ ወዲያ ቡና ሲወቀጥ ሰማሁ። በዚያ ሠፈር 26 ዓመት ኖሬያለሁ። የቡናው ተራ በየትኛው ቀን የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ። ገና ስገባ «ኖር! ኖር!» ብለው ተነሡ። ከዚያ አንዷ ወደ ውስጥ ሮጣ ወንበር አመጣችልኝ። ሌሎቹ በርጩማና ምንጣፍ ላይ ናቸው። እኔ ወንበር ላይ። ያ ወንበር እንዴት እንዳሳፈረኝ ልነግራችሁ አልችልም። ወንበር የሚሰጠው ለእንግዳ ነዋ። «ያቺ እንዴት አደረች?» ይባባላሉ፤ ማን እንደታመመ አላውቅም። «የልጁ ነገር ምን ሆነ?» ይላሉ፤ የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። በገዛ ሠፈሬ እንግዳ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው። ግን እናንተን አውቃችኋለሁ። የብሩን ነገር ሳልናገር ሌላው አይሰማችሁም። እሺ፣ ብሩን እናስቀድም።

በየወሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል። አሠሪያችሁ 11 በመቶ ይጨምርበታል። የመንግሥትም የግልም ሠራተኛ በዚህ አንድ ነው። አሁን የሚሠራባቸው አዋጆች ለመንግሥት ሠራተኛ 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ 1268/2014 ናቸው። መውጫው 60 ዓመት ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ ይያዝና 30 በመቶው ይሰጠዋል። ከ10 በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ20 ዓመቱ የተቀጠረ እንኳ 60 ሲሞላው ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላጋጠመኝም።

በእኔ እናስላው። 31 ዓመት። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ። ለቀሪው 21 ዓመት 26.25 በመቶ። ድምሩ 56.25። አማካይ ደመወዜ 8,000 ብር ነበር እንበል፤ በወር 4,500 ብር ይሆናል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን ልብ በሉ። የእናንተ የጡረታ ዐቅድ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ፋብሪካ ውስጥ 30 ዓመት ብትቆዩም የሚቆጠረው ከዚያ ወዲህ ያለው ሊሆን ይችላል። 15 ዓመት ብቻ ከተቆጠረላችሁ 36.25 በመቶ ነው። ከዚያው ከ8,000 ላይ 2,900 ብር ማለት ነው። ቀደም ሲል ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም በጡረታ ፋንታ ከድርጅታችሁ ጋር የምታጠራቅሙት ገንዘብ፣ የነበራችሁ ጉዳያችሁ ለየት ስለሚል ዛሬ ነገ ሳትሉ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሁላችሁም ትዘነጋላችሁ። ስሌቱ በዋናው ደመወዝ ነው። የቤት አበል፣ የትራንስፖርት፣ ትርፍ ሰዓት የሚባለው ሁሉ አይገባበትም። በትርፍ ሰዓት ቤቱን ያቆመ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። እኔ ብሆን ጡረታው ሦስት ዓመት ሲቀረው አንድ ወር በዋናው ደመወዝ ግማሽ ብቻ ኖሬ አያለሁ። አንድ ወር ብቻ። ምን እንደሚጎድል ያኔ ይታያችኋል።

ወደ ፋይሉ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የእንጀራዬ ነገር ስለሆነ ወሬ አበዛለሁ።

አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነበረን። ሊቀጠር ሲመጣ ልጅ ነበርና እንዳይመልሱት ፈርቶ ዕድሜው ላይ ሦስት ዓመት ጨምሮ አስመዘገበ። ዘመኑ አለፈ። አንድ ቀን «በሚቀጥለው ሰኔ ጡረታ ይወጣሉ» ስለው ሳቀብኝ። «እኔ እኮ ገና 57 ነኝ!» አለ። ልክ ነው፣ 57 ነበር። ወረቀቱ ግን 60 ይላል። ሕጉ የሚቀበለው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበውን ነው። ያ ምስኪን በልጅነቱ የዋሸው ውሸት ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ደርሶ ሦስት ዓመት ደመወዝ በላበት። እናንተስ ፋይላችሁ ውስጥ የትውልድ ዘመናችሁ ስንት እንደሚል ታውቃላችሁ? እጅ አውጡ እስቲ። … ይኸው፣ ግማሹ አያውቅም።

ስምም አለ። የወሎ ሰው ስም ደግሞ መከራ ነው። ቅጥር ደብዳቤው ላይ «ሰይድ»፣ የባንክ ደብተሩ ላይ «ሰኢድ»፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ ሌላ። ሦስት ሰው ሆኖ ቁጭ! አንዱን ሰው አንድ ሰው ለማድረግ ስንት ወር ከቢሮ ቢሮ እንደሚያንከራትት እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ፣ ደመወዝ እየበላችሁ ሳላችሁ አስተካክሉት። የጋብቻ ማስረጃችሁንም እዚያው ፋይል ውስጥ አስገቡ። ጡረተኛው ሲያርፍ ሚስቱ ወይም ባሏ የአበሉን ግማሽ ያገኛል። በባህል ተጋብተው 40 ዓመት የኖሩ፣ ሠፈር ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ግን አንዲት ወረቀት የሌላቸው ስንት አሉ! እንዲህ ያለችው ባልቴት ሐዘን ላይ ተቀምጣ ምስክር ስትለምን አይቻለሁ።

ከእጃችሁ ስለሚገባው ጠቀም ያለ ገንዘብም ልበላችሁ። ለፈቃድ የተከፈለ፣ የቁጠባ ማኅበር የመለሰው፣ ዕቁብ የደረሰበት። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ባጃጅ የማይገዛ የለም። የወንድም ልጅ ይነዳዋል። መጀመሪያ ወር ገቢ ያመጣል። ሁለተኛው ላይ ጎማ ይላል። ሦስተኛው ላይ ስልክ አያነሳም። እኔ ባጃጅ ክፉ ነው አላልኩም። በ60 ዓመት ዕድሜ ያልሠሩበትን ሥራ፣ ባልፈተኑት ሰው፣ ባለችው ብር ሁሉ መጀመር ግን አይዋጥልኝም። የምታውቁት ሥራ ካለ ዛሬ፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ፣ በትንሹ ጀምሩት።

በቃ፣ ብሩ አለቀ። አሁን ወደ በርጩማው ልመለስ።

ጡረታ የሚለው ቃል መጦር ከሚለው ነው። ሽማግሌ ሲመርቀን ምን ይላል? «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ።» ሁለቱን አጣምሮ ነው የሚለው። 7 በመቶውና 11 በመቶው ጧሪውን ይሰጣችሁ ይሆናል። ቀባሪውን ግን ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የምታመጡት? ቅሬ ነው ያለን። አዲስ አበባዎቹ እድር የሚሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ታዲያ ባለቤቴ ሹፌር ስለነበር ቅሬ ላይ አይገኝም ነበር። መዋጮውን በልጅ ይልካል፤ ሲቀር ቅጣቱን ይከፍላል። ዕዳ የለብኝም ብሎ ያስባል። ጡረታ ወጥቶ በመጀመሪያው ቀብር ላይ አካፋ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ አንድ ወጣት «አባቴ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ ይቀመጡ» አለው። ማታ ቤት መጥቶ ራት አልበላም። እኔ ወንበር፣ እሱ አካፋ። አንድ ዓይነት በሽታ ነው የያዘን።

በተለይ እናንተ ወንዶች። ሴቷ ቢያንስ ማጀት አላት፤ ገበያ አላት፤ ልጇ ስትወልድ ትጠራለች። ወንዱ ከቢሮው በቀር መዋያ ሳያበጅ ይወጣና ቀኑን ሙሉ በቤት ውስጥ ይዞራል። የእኔው ሰውዬ ወጥ ቤቴ ውስጥ ገብቶ «ሽንኩርቱ በዛ» ማለት ጀመረ። በ35 ዓመት ትዳር ሽንኩርት ቆጥሮ የማያውቅ ሰው! ሁለት ወር ሙሉ ተጨቃጨቅን። ሳቁ፣ ሳቁ፤ ሚስቶቻችሁ ግን አይስቁም።

ምን አደረግን? ትልቅ ነገር የለውም። እኔ ቡናው ተራ ውስጥ ግቢ ተባልኩ፤ የእኔ ቀን ረቡዕ ሆነ። ረቡዕ ረፋድ ስድስት ሰው እኔን ይጠብቃል። ቄጠማ እጎዘጉዛለሁ፣ ቆሎ እቆላለሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል የሚነሳ የለም። ሐጅያ ጎረቤቴ ዱዓ ታደርጋለች፤ እኛ ክርስቲያኖቹም አሚን እንላለን። የወሎ ነገር ለእናንተ አይነገርም። የሰው ኃይል ሙያዬም እዚያ ሥራ አገኘ። የአንዷን የልጅ ልደት ካርድ፣ የሌላዋን የባሏን ጡረታ እየጻፍኩ እሰጣለሁ። ባለቤቴ ደግሞ የቅሬው ድንኳንና ድስት ጠባቂ ሆነ። ስንት ሰሃን እንደወጣ፣ ስንት እንደተመለሰ ይመዘግባል። አሁን ሽንኩርት አይቆጥርም፤ ሰሃን ነው የሚቆጥረው።

ሐይቅም ሄድን። ደሴን አልፎ 30 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። ስንት ዓመት «አንድ ቀን እንሄዳለን» ስንል ኖረን! የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማያስገባ እሱ ሊሳለም ገባ፤ እኔ ዳር ተቀምጬ ውሃውን አየሁ። ዓሣ በላን። ስንመለስ ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም። ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሹፌሩን «ማርሽ ቀንስ» ሲለው ነበር። ጡረታ የወጣ ሹፌር ዝም ብሎ አይሳፈርም።

እናንተ ገና ጊዜ አላችሁ። ዓመት የቀራችሁ፣ አምስት ዓመት የቀራችሁ አላችሁ። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ብሩን በልጅ አትላኩ። እራሳችሁ ሂዱ። ቅዳሜ ቡና ሲወቀጥ ስትሰሙ ግቡ። ወንበር ሊያመጡላችሁ ሲነሱ «ተዉት» ብላችሁ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ሰርቪሱ እስከ ዛሬ 1 ሰዓት ላይ ያልፋል። ሹፌሩ ተቀይሯል፤ አዲሱ አይነፋም።

ቡናው የደረሰ መሰለኝ፣ ሽታው መጣ። እኔ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ፤ መነጽሬንም አምጥቻለሁ። ወረቀት የያዛችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። ቅድም እጃችሁን ያላወጣችሁት ቅድሚያ አላችሁ። አመሰግናለሁ።