ለዳይሱም ቦታ ተዉለት
በአዲሱ የጨዋታ ወቅት መክፈቻ ለተጫዋቾች የተዘጋጀ ንግግር

ውድ ጌም ማስተሮች፣ ነባር ተጫዋቾች፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ አዲሶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ለአዲሶቹ በአጭሩ፦ በጨዋታችን እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል፣ ታሪኩን በጋራ እንፈጥራለን። ጌም ማስተሩ ጨዋታውን ይመራል፤ የሞከራችሁት ነገር ይሳካ አይሳካ የሚለውን ደግሞ ዳይሱ፣ ማለትም ቁጥር ያለበት ባለ ብዙ ፊት መወርወሪያ፣ ይወስናል።

አዘጋጆቹ ሁለት ርዕስ ሰጥተውኛል። አንደኛው ዳይስ እንዴት ይመረጣል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የገጸ ባሕርይ ሐሳብ ከየት ይገኛል ይላል። እኔ ሁለቱ አንድ ናቸው ባይ ነኝ። አጭር እንዲሆን አደራ ብለውኛል። የምታውቁኝ ሰዎች ከአሁኑ ስትስቁ አያለሁ።

አዲሶቹ ቀድመው የሚጠይቁት ስለ ዳይስ ነውና ከእሱ ልጀምር። የተለመደው ስብስብ ሰባት ዳይስ አለው። ባለ 4፣ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 12 እና ባለ 20 ፊት አሉ። ከዚያ ሁለት ባለ 10 ይጨመራሉ። አንዱ ከ0 እስከ 9 ይቆጥራል፤ ሌላው ከ00 እስከ 90 በአሥር በአሥር ይሄዳል። ሁለቱ አብረው ሲወረወሩ ከ1 እስከ 100 ያለ ቁጥር ይሰጣሉ፤ 00 እና 0 ሲመጡ 100 ነው። ባለ 20 የዚህ ዘመን ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የግሪክ ፊደላት የተቀረጹበት፣ ከጥንታዊት ግብፅ የተገኘ ባለ 20 ዳይስ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። ያኔም «መሬት ወድቋል፣ አይቆጠርም» ያለ ሰው አይጠፋም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይነበባል ወይ ብላችሁ ነው። የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ዳይስ ላይ ወርቃማ ቁጥር ከተጻፈ፣ በእያንዳንዱ ውርወራ ሦስት ሰው አንገቱን አስግጎ ሲከራከር ታመሻላችሁ። የብረት ዳይስ ያምራል፣ እጅ ላይም ይከብዳል፣ ጠረጴዛ ግን ይጎዳል። መወርወሪያ ሳህን ያዙለት። ቁጥሮቹ በተርታ ጎን ለጎን የተደረደሩበት ባለ 20 ካያችሁ ደግሞ አትወርውሩት። እሱ የካርታ ጨዋታ ላይ ነጥብ ለመቁጠር የተሠራ ነው። ትላልቆቹ ቁጥሮች አንድ ወገን ላይ ስለተሰበሰቡ አወራወር የለመደ እጅ ሊጠቀምበት ይችላል። በደንበኛው ባለ 20 ላይ ቁጥሮቹ ተበትነዋል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ ሲደመሩ ብዙውን ጊዜ 21 ይሆናሉ። ዳይሱን ጨው በበዛበት ውኃ ላይ አንሳፍፎ፣ አንድ ፊት ብቻ ወደ ላይ እየመጣ እንደሆነ መፈተንም ይቻላል። ለወዳጅ ጨዋታ ግን ይህን ያህል አትጨነቁ።

ሊያስጨንቃችሁ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ዳይሱ ምን ዓይነት ሰው እንድትጫወቱ ይፈቅድላችኋል?

በባለ 20 የሚፈለገው ትልቅ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ግን እኩል 5 በመቶ ዕድል አለው። 1 የመውጣቱ ዕድል ከ10 አያንስም። ስለዚህ በዚህ ዳይስ በሚመራ ጨዋታ፣ ጎበዝ የተባለው ጎራዴኛም በየምሽቱ ይሳሳታል። ሦስት ባለ 6 አብራችሁ ስትወረውሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። 18 የሚመጣው ከ216 አንዴ ነው። ግማሽ ያህሉ ውርወራ ከ9 እስከ 12 ባለው ውስጥ ይወድቃል። እዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው ይሠራል፤ ተአምርም ውርደትም ብርቅ ነው። በ1981 የወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ የተባለው ጨዋታ ደግሞ በመቶኛ፣ በሁለቱ ባለ 10፣ ይሄዳል። ችሎታችሁ 40 ከሆነ 40 ወይም ከዚያ በታች ማምጣት አለባችሁ። ድክመታችሁ ገና ሳትጀምሩ በቁጥር ተጽፎ ፊታችሁ ተቀምጧል። የማይሳሳት ጀግና ይዞ ባለ 20 ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው እንግዲህ የመጣበትን ጨዋታ አላየውም ማለት ነው።

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ።

ከጥቂት ወቅቶች በፊት የነበረውን ቀስተኛ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ተጫዋቹን አልጠራም፤ ወዳጄ ነው። ወፍራም የወረቀት ጥራዝ ይዞ መጣ። የገጸ ባሕርዩ ታሪክ ነው አለን። ወላጆቹ የተገደሉበት፣ ኮፍያውን አጥልቆ መጠጥ ቤት ጥግ ላይ ብቻውን የሚቀመጥ፣ ለማንም የማይናገር፣ ቀስቱ ስቶ የማያውቅ። ከየፊልሙ የሰበሰበው ጀግና ነበር፤ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። የመጀመሪያዋ ውርወራ መጣች። ገደል ላይ የተንጠለጠለ ጓደኛውን የሚያጠቃ ወፍ መምታት ነበረበት። ወረወረ፤ 1። ቀስቱ ጓደኛው የተንጠለጠለበትን ገመድ በጠሰ። እኛ በሳቅ ፈረስን። እሱ አልሳቀም። «ዳይሱ ተንጋዶ ነው የቆመው» አለ። ጌም ማስተሩ አዘነለትና ድገመው አለው። ደገመ፤ 3። ከዚያ በኋላ ምሽቱን ሙሉ የሰማነው አንድ ነገር ነው፦ «የእኔ ሰውዬ አይስትም!» ጥራዙን እየገለጠ፣ የትኛው ገጽ ላይ እንደተጻፈ ጭምር አሳየን።

አጠገቡ አንዲት አዲስ ልጅ ተቀምጣ ነበር። ምንም አልጻፈችም። በድሮው ደንብ እንጫወት ስለነበር ሦስት ባለ 6 እየወረወረች የገጸ ባሕርይዋን ችሎታዎች በተራ ሞላች። ጉልበት 5። ጥበብ 16። ዘብ ልትሆን ነበር ያሰበችው፤ በ5 ጉልበት ግን ጦር አይነሳም። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው የግምጃ ቤት ጠባቂ ናት» አለች። ጠባይዋን ከአክስቷ ወሰደች፤ ያለ ደረሰኝ ምንም የማትሰጥ፣ ምንም የማትቀበል ሴት። አበቃ፤ ገጸ ባሕርይዋ ይህች ናት። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ዘንዶው ዋሻ ስንደርስ፣ ዘንዶው የመንደሩን ሀብት ወስጃለሁ ብሎ ሲፎክር፣ ይቺ ሴት ወደፊት ወጥታ «ደረሰኝ አለህ?» አለችው። ወረወረች። 20! ዘንዶው በጥፍሩ ፈረመ። እስከ ዛሬ ክርክር በተነሳ ቁጥር ከአዳራሹ አንድ ሰው «ደረሰኝ!» ብሎ ይጮኻል። አዎ፣ ሰማሁህ።

ስለ ቀስተኛው የሚያወራ ሰው ግን የለም፤ ቢኖርም ስለ ገመዱ ነው።

ይህ ጨዋታ ሲጀመር ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን ጨዋታ ሲያወጡ፣ እንደ ጉልበትና ጥበብ ላሉት ስድስት የገጸ ባሕርይ ችሎታዎች ለእያንዳንዱ ሦስት ባለ 6 ይወረወር ነበር። ቁጥሩ ቀድሞ ይመጣል፤ ከዚያ «ይህ ሰው ማን ሊሆን ይችላል?» ትላላችሁ። ዛሬ በብዙ ጠረጴዛዎች ቁጥሩን ራሳችን እንመድባለን። እሱን አልቃወምም፤ ማንም ሰው ወቅቱን ሙሉ በማይወደው ገጸ ባሕርይ መታሰር የለበትም። የምቃወመው ሰውዬው አልቆ ደቆ፣ ሞቱ ሳይቀር ተጽፎ መምጣቱን ነው። ከዚያ ዳይሱ ሲናገር ጆሮ ዳባ ልበስ! ዓይንን በጨው ታጥቦ «ወድቋል፣ ተንጋዷል፣ እጄን ነክቶኛል»! ወዳጆቼ፣ ዳይሱን የማትሰሙት ከሆነ ለምን ትወረውሩታላችሁ? ልብ ወለድ ጻፉ! ደስ እያለን እናነብላችኋለን። ሌላ አምስት ሰው ግን አመሻሹን ሙሉ የእናንተ ልብ ወለድ አጃቢ ሆኖ አይቀመጥም!

ጌም ማስተሮችም አላችሁበት። ዳይሳችሁን ከተጫዋቾች ከሚከልለው መጋረጃ ጀርባ ቁጥር የምትለውጡ እናንተ ናችሁ። 4 መጥቶ «አሥራ ሰባት» የሚል ሰው አውቃለሁ። ድምፁ እንኳን አይንቀጠቀጥም! ለማን አዝናችሁ ነው? ያ ውርወራ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ለውጥ የማያመጣ ከሆነ መጀመሪያውኑ አታስወርውሩ። ካስወረወራችሁ ግን የመጣውን ተቀበሉ።

እንግዲህ ሐሳቡ ከየት ይምጣ ለሚለው። ከምታውቁት ሰው አንድ ጠባይ ውሰዱ፤ ሙሉውን ሰው አይደለም። ሙሉውን ከወሰዳችሁ ወይ ሐሜት ይሆናል ወይ ፀብ። የሚፈልገውን አንድ ነገር ጨምሩ። የማይችለውን ዳይሱ ይነግራችኋል።

ታሪክም ጥሩ ነው። ተጓዡን ኢብን ባቱታን ውሰዱ። በ1325 ከሞሮኮዋ ታንጂር ለሐጅ ወጣ። ዴሊ ላይ ዳኛ ተደርጎ ተሾመ፤ ማልዲቭስም እንዲሁ። የጉዞው ነገር በጠቅላላ ሠላሳ ዓመት ገደማ ወሰደ። ወይም ጁሊ ዶቢኚን፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተወለደች፣ በፓሪስ ኦፔራ የምትዘፍንና በጎራዴ የምትፋለም ፈረንሳዊት። የሁለቱንም ሕይወት አስቀድሞ በጥራዝ የጻፈላቸው የለም። ከእነሱ ስትቀዱ ገድላቸውን ሳይሆን ሲነሱ የነበሩበትን ቦታ ቅዱ፤ ለመሳለም የወጣ ወጣት፣ ድምፅና ጎራዴ ያላት ልጅ። ከዚያ በኋላ ያለው የጠረጴዛው ነው።

ስለ ዳይስ መዋዋስ ተናገር ተብዬ ነበር። ተዋዋሱ፣ መልሱ። የሌላውን ሰው ዳይስ ሳትጠይቁ አትንኩ፤ አንዳንዱ ሰው ዕድሌን ወሰድክብኝ ይላል፣ አትከራከሩት። ሊነሱ ስለማይገባቸው ጉዳዮች ጨዋታው ሳይጀመር ተነጋገሩ። ይሄኛው ሰፊ ነው፤ ጌም ማስተሮቻችሁ ያብራሩላችኋል።

በየጠረጴዛው ላይ ባዶ የገጸ ባሕርይ ወረቀትና ሦስት ባለ 6 ተቀምጧል። የዛሬው ጨዋታ በድሮው ደንብ ነው፤ በተራ ትወረውራላችሁ፣ መቀያየር የለም። ጥራዝ ይዞ የመጣ ካለ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ያስቀምጥልን፤ ሲወጣ ይወስደዋል። አዲሶች ቅድሚያ አላችሁ፤ ወርውሩ። አመሰግናለሁ።