ነፋሱን ሳንለካ የመሠረት ድንጋይ አናስቀምጥም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከኮምቦልቻ፣ ከኩታበርና ከሐርቡ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ወደ ደሴ በደህና መጣችሁ። በዱዓውም በጸሎቱም መርቃችሁ ያስጀመራችሁን አባቶች፣ ዕድሜ ይስጥልን።

ከጥፋት ልጀምር። ጥፋቱ የእኛ የቦርዱ ነው። አምና ስለ ነፋስና ሶላር ፓርክ፣ ማለትም ከነፋስና ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ጣቢያ፣ ገና ማውራት ስንጀምር የመጀመሪያ ሥራችን ምን ነበር? ባነር ማሠራት። ጦሳ ተራራ አናት ላይ ነፋስ የሚያዞራቸው ሦስት ነጫጭ ተርባይኖች ተደርድረውበታል። ያምራል፣ አልዋሽም። ተርባይኖቹን እዚያ የተከላቸው ግን የማተሚያ ቤቱ ልጅ ነው፤ በኮምፒውተር። ነፋሱን የለካ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሦስት ሆነን ወደ ኩታበር በኩል ወጣን። እህል የሚያዘሩ አንድ አዛውንት አገኘን። “ነፋስ ፍለጋ ነው የመጣነው” ስንላቸው ሳቁብን። ከዚያ ላይዳቸውን አንስተው አሳዩን። ገብሱን ወደ ላይ ሲወረውሩት ገለባው ወደ አንድ ጎን ተንሳፈፈ፤ ፍሬው እግራቸው ሥር ወረደ። “ይሄ አውድማ የአባቴ ነው” አሉኝ። “ያ ማዶ ያለው ጉብታ ከዚህ ከፍ ይላል። ግን ልጄ፣ እዚያ ነፋሱ ይዞራል። ገለባውን መልሶ ፊትህ ላይ ይደፋብሃል።”

አብሮን የነበረው መሐንዲስ ማስታወሻውን አወጣ። እንዲህ የሚዞር ነፋስ የተርባይን ክንፍ ያደክማል፤ ዕድሜውን ያሳጥራል። ከፍታ ብቻ አይበቃም ማለት ነው።

ደግሞ የነፋስ ሂሳብ ተንኮለኛ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 6 ሜትር የሚነፍስበት ጉብታና 8 ሜትር የሚነፍስበት ጉብታ ለዓይን ያው ናቸው። ባለ 8ቱ ግን ከእጥፍ በላይ ጉልበት አለው። የደሴ አየር ደግሞ ስስ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን፣ አየራችን ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ እጅ ያህል ይቀላል። ስለዚህ “የእኛ አገር ነፋስማ ጋቢ ይነጥቃል” ብሎ ባንክ መሄድ አይቻልም።

“ሕዳሴ እያለን ነፋስ ምን ይሠራልናል?” የምትሉ አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ የአገራችን ኤሌክትሪክም አብዛኛው ከውኃ ነው። ውኃው የሚሞላው በክረምት ነው። ነፋሱ ደግሞ በአብዛኛው የሚበረታው በበጋ፣ ወንዙ ሲቀንስ ነው። ነፋሱ በሠራ ቁጥር ግድቡ ውኃውን ለነገ ያቆያል። ሁለቱ ተጋጋዥ እንጂ ተፎካካሪ አይደሉም።

ሶላሩን ከነፋሱ ጋር ያሰብነውም ለዚሁ ነው። ሁለቱ አንድ መስመርና አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ መጋራት ይችላሉ። ኮምቦልቻ ላይ የ230 ኪሎ ቮልት ጣቢያ አለ፤ ምን ያህል ኃይል መቀበል እንደሚችል ማስጠናት የእኛ ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ለሰፈር ሰው ስታወሩ አታጋኑ። ፓርኩ ደጃችን ስለቆመ ብቻ መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። ኃይሉ የሚገባው አገር አቀፉ መስመር ውስጥ ነው። የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ጨለማው ያው ጨለማ ነው።

ማጓጓዣውንም እናስብበት። አሰላ ላይ የተተከሉት ተርባይኖች አንዱ ክንፍ ከ60 ሜትር ይበልጣል። ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል እንበል። ከዚያስ? ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በተሳቢ የወጣ ሹፌር እዚህ ካለ መልሱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እኔ በሚኒባስ ስወጣው እንኳ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ምናልባት አጠር ያለ ክንፍ፣ ምናልባትም ሌላ ጉብታ እንመርጥ ይሆናል። ሶላሩ ግን ታች፣ ሐርቡ በኩል ሊቀመጥ ይችላል።

የመሬቱ ጉዳይ ስሱ ነው። አዳማ ያለፈ ሰው አይቷል፤ ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች አንድ ላይ 136 ተርባይን አላቸው፣ ግርጌያቸው ያለው መሬት ግን ይታረሳል። ብዙ መሬት የሚበላው ምሰሶው ሳይሆን መንገዱ ነው። ስለዚህ የመንገዱ ካርታ ከመሣሉ በፊት ገበሬው ይጠየቅ፤ ካሳውም በወረቀት ይስፈር። ወፎቹንም አንርሳ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ከሰሜን የሚመጡ ንስሮች የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ይዘው ያልፋሉ። ወደ ባቲ የሚያየው ገደል አፋፍ ላይ ከመትከላችን በፊት የሚቆጥራቸው ሰው ያስፈልገናል።

ቦርዱ ዛሬ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የዘንድሮው የፕሮጀክት በጀት በሙሉ ለነፋስ መለኪያ ምሰሶ ይዋል። ቀጭን ምሰሶ ነው፤ ጫፉ ላይ ሲኒ የመሳሰሉ ሦስት ኩባያዎች ይሽከረከራሉ፣ በየአሥር ደቂቃው ይመዘገባል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፤ በጋውንም ክረምቱንም። ሪባን አይቆረጥበትም፣ ፎቶም አያምርም። የት እንትከለው ለሚለው የእኔ ድምፅ ለአዛውንቱ አውድማ ነው፤ እሳቸው ከፈቀዱ።

ባነሩ እስከዚያው መጋዘን ይቆይ። ጉባኤው ተከፍቷል። ሂሳብ ሹማችን፣ መብራቱ ሳይሄድ ሪፖርቱን ብታቀርቢልን።