ለአሮጌዋ ቮልስ ስንት ብር ይጻፍ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አሮጌ መኪናና ስለ ኢንሹራንስ ነው። አሮጌ ስል በሥራ ያረጀችውን ማለቴ አይደለም። ባለቤቷ ላሜራዋን አስመትቶ፣ ኦሪጅናል መብራቷን አፈላልጎ አስገጥሞ፣ እሁድ እሁድ ብቻ የሚያወጣትን ነው። አዳማ ላይ እንዲህ ያሉ ቮልሶች፣ ፔጆ 404 እና 504፣ ፊያት 600፣ አልፎ አልፎም ላንድሮቨር አይታጡም። ምሳሌዬን በቮልስ አደርጋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቋት እሷን ስለሆነ።

ኢንሹራንስ ቢሮ ስትሄዱ የሚሰጣችሁ ፎርም ላይ የተሽከርካሪው ዋጋ የሚል ክፍት ቦታ አለ። ሰው እዚያ ቦታ ላይ 800,000 ብር ብሎ ይጽፋል፣ አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ በዚያው ልክ ይከፍላል፣ ከዚያ መኪናዋ ብትጠፋ 800,000 ብር እቀበላለሁ ብሎ ተረጋግቶ ይተኛል። ይሄ ነው መጀመሪያ መፍረስ ያለበት ሐሳብ። በተለመደው የሙሉ ኢንሹራንስ ፖሊሲ ያ ቁጥር ጣሪያ ነው። ኩባንያው የሚከፍለው ወይ እናንተ የጻፋችሁትን ወይ መኪናዋ በጠፋችበት ቀን በገበያ የምታወጣውን ነው፤ ከሁለቱ ያነሰውን። የኩባንያው መሐንዲስ መጥቶ “ይቺ እኮ የስድሳዎቹ መኪና ናት፣ 350,000 ብትሸጥ ነው” ካለ፣ የጻፋችሁት 800,000 ወረቀት ላይ ይቀራል። አረቦኑን ግን በ800,000 ሂሳብ ስትከፍሉ ኖራችኋል።

መሐንዲሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። በ1952 በወጣው የንግድ ሕግ የዕቃ ኢንሹራንስ መሠረቱ ካሳ ነው፤ ካሳው ደግሞ አደጋው በደረሰበት ቀን ዕቃው ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ስለዚህ እናንተ ማግኘት ያለባችሁ የስምምነት ዋጋ የሚባለውን ነው። ሁለቱ ወገኖች መኪናዋን አይተው፣ ማስረጃ ተለዋውጠው፣ ሙሉ በሙሉ ብትወድም ወይም ብትሰረቅ የሚከፈለው ይህን ያህል ነው ብለው ቀድመው ይፈራረማሉ። ያኔ ጉዳት ሲደርስ የገበያ ዋጋ ስንት ነበር የሚለው ክርክር አይነሳም፤ ከተስማሙበት ላይ የራሳችሁ ድርሻ፣ ኤክሰስ የሚባለው፣ ተቀንሶ ይከፈላል።

አሜሪካና እንግሊዝ አገር ለአሮጌ መኪና ብቻ የተቋቋሙ ኩባንያዎች ስላሉ ይሄ ተራ ነገር ነው። እኛ ዘንድ መደርደሪያ ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቃችሁ ፖሊሲ አይደለም፤ ተደራድሮ በኢንዶርስመንት፣ ማለትም ፖሊሲው ላይ በሚለጠፍ ተጨማሪ ገጽ፣ የሚገባ ነው። የቅርንጫፍ ሠራተኛው “አሮጌ መኪና በሦስተኛ ወገን ብቻ ነው የምንወስደው” ካላችሁ አትገረሙ፣ አትጣሉትም። ሦስተኛ ወገን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው ነው፤ በእናንተ መኪና የተጎዳውን ሰው ይክሳል እንጂ ለእናንተ ላሜራ አምስት ሳንቲም የለውም። አደጋ የሚቀበለው ክፍል፣ አንደርራይቲንግ የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ፣ ፋይል አያይዛችሁ፣ በቅርንጫፉ በኩል ወደዚያ እንዲላክ ጠይቁ። በቃል “ችግር የለም፣ እንከፍላለን” የሚል መልስ መልስ አይደለም።

የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆም እንበል። “የመድን ገንዘብ 800,000 ብር” ብቻ ከተባለ የስምምነት ዋጋ አይደለም። “በመድን ሰጪውና በመድን ገቢው ስምምነት የተወሰነ፣ ሙሉ ውድመት ወይም ስርቆት ቢደርስ ያለ ተጨማሪ ግምት የካሳ መሠረት የሚሆን” የሚል ሐሳብ በግልጽ መኖር አለበት። ከዚያ ደግሞ ወደ ዋናው ፖሊሲ ተመልሳችሁ “ካነሰው” የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ኢንዶርስመንቱ ያንን አንቀጽ ይሽረዋል ተብሎ ካልተጻፈ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡና የካሳ ክፍል የሚመቸውን ያነባል።

አሁን ቁጥሩ። ስንት ይጻፍ?

ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የውጭ ዋጋ ነው። ጀርመን አገር እንዲህ ያለች ቮልስ ይህን ያህል ዩሮ ትሸጣለች፣ በብር ሲመታ ይህን ያህል። ይህን መሐንዲስ ፊት ይዛችሁ አትቅረቡ፣ መኪናዋ የምትተካው እዚሁ ነውና። ሁለተኛው የአገር ውስጥ ሽያጭ ነው፤ እሱም ቀዳዳ አለው። ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋና እጅ ለእጅ የሚከፈለው እንደሚለያይ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ የሽያጭ ውል ኮፒ ካቀረባችሁ ራሳችሁን ልትጎዱ ትችላላችሁ። ደላላ የሚጠራው ዋጋ ደግሞ የሚጠራ እንጂ የሚሸጥ ዋጋ አይደለም። እኔን ካላችሁኝ ጠንካራው መንገድ መልሶ የመሥራት ወጪ ነው። እንደ እሷ ያለ ያልተነካ አሮጌ ቮልስ ለመግዛት ስንት፣ ላሜራና ቀለም ስንት፣ ሞተር አስወርዶ ለማሠራት ስንት፣ ወንበርና ጎማ ስንት። እያንዳንዱ በደረሰኝ። የእጅ ደረሰኝ ከምንም ይሻላል፤ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ግን ክርክር ይዘጋል። እሱም በዓመቱ ጽሑፉ ስለሚጠፋ የገዛችሁ ዕለት ፎቶ አንሱት።

ፋይሉ ላይ መኪናዋ ራሷ መታየት አለባት፣ ጉዳዩ የሚሸነፈውም የሚረታውም እዚህ ነው። ቮልስ ላይ የሻንሲው ቁጥር የኋላ ወንበሩን ስታነሱ መሃል በሚያልፈው ቱቦ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከሚቀመጥበት እግር ሥር ሞተሩ ላይ ነው። ሁለቱንም አጽዱ፣ ከጎን በባትሪ መብራት አብርታችሁ ፎቶ አንሱ፤ ፊት ለፊት ፍላሽ ከመታችሁት ቁጥሩ አይነበብም። ከዚያ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1965 እስከ 1969 ሞዴል የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ዘጠኝ አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓይነቱን፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራሉ። 118 ብሎ የሚጀምር የ1968 ሞዴል ነው። ቮልስዋገን የሞዴል ዓመት የሚቀይረው ነሐሴ አካባቢ ስለነበር መስከረም 1967 በፈረንጅ የተሠራች መኪና የ1968 ሞዴል ናት። ሊብሬ ላይ 1967 ተጽፎ ብታዩ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህን የማያውቅ መሐንዲስ ግን ሻንሲው ተቀይሯል ብሎ ሊያስብ ስለሚችል ቀድማችሁ በአንድ መስመር አስረዱት።

ሞተር የተቀየረባት ቮልስ ከሆነች ደግሞ፣ እኛ አገር 1200ውን አውጥቶ 1600 ማስገባት የተለመደ ነው፣ አዲሱ ቁጥር ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ሊብሬው ላይ እስኪመዘገብ ድረስ ኢንሹራንስ ባትጠይቁ ይሻላል። ቀለምም እንደዚያው። ካሳ በሚጠየቅበት ቀን የቁጥር አለመግጠም የስርቆት ጥርጣሬ ያመጣል እንጂ የቴክኒክ ጨዋታ አይሆንም።

ከ30 እስከ 40 ፎቶ ይበቃል። አራቱ ማዕዘን፣ ክሩስኮቱ ኪሎሜትሩ እየታየ፣ ወንበሮቹ፣ ሞተር ክፍሉ፣ ከሥር። ቮልስ የምትዝገው በሚታወቅ ቦታ ነው፦ ከበሩ ሥር የማሞቂያ አየር የሚያልፍበት ሳጥን ላሜራ፣ የወለሉ ላሜራ፣ ባትሪው የሚቀመጥበት፣ ከፊት ስኮርት ጎማው የሚያርፍበት ጎድጓዳ። እነዚህን በቅርብ አንሱ። መሐንዲሱ ማግኔት ይዞ ቢመጣ ስቱኮ የተለቀለቀበትን ቦታ ወዲያው ያገኛል፤ እናንተ ቀድማችሁ ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስኪዱት። ስቱኮ ካለ አለ በሉ። በውል ጊዜ የተደበቀ ነገር ኋላ ላይ ውሉን ራሱን ያፈርሳል።

ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ሁልጊዜ ይጠቅማል ብላችሁ አታስቡ፤ ዝቅ ማድረግም ቁጠባ አይደለም። ኩባንያው የጥገና ወጪው ከስምምነት ዋጋው 70 በመቶ ሲያልፍ ሙሉ ውድመት ነው ይላል እንበል። 400,000 ካላችሁ ከ280,000 ብር ያለፈ ላሜራ ሥራ መኪናዋን ይወስዳታል። 1,000,000 ካላችሁ ደግሞ በ650,000 ብር ጥገና፣ ሻንሲዋ የተጠማዘዘች መኪና ተሠርታ ውሰዱ ትባላላችሁ። ያንን ፐርሰንት ጠይቁ፣ ይጻፍ።

ስለ ከፊል ጉዳት ግን ሰው አይጠይቅም፤ ለኔ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚያ ነው። የስምምነት ዋጋ የሚሠራው መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትጠፋ ነው። አዳማ ላይ በአብዛኛው የሚደርሰው ግን ባጃጅ ፓራፋንጎ ገጭቶ መሄዱ፣ በጅቡቲ መንገድ የሚመጣ ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲል ኮፈኑን መጫኑ፣ ስፖኪዮና የጎማ ኮፓ ማታ መነቀሉ ነው። እዚህ ላይ 800,000 ተብሎ መጻፉ ብቻውን አይረዳችሁም። ሦስት አንቀጾችን አንብቡ። አንደኛው የእርጅና ቅናሽ ነው፤ አዲስ ዕቃ በአሮጌ ሲተካ ከዋጋው በፐርሰንት ይቀነሳል፣ ለ50 ዓመት መኪና ቅናሹ ሊከብድ ይችላል። ሁለተኛው ገበያ ላይ ስለማይገኝ ዕቃ የሚለው ነው፤ ዕቃው አገር ውስጥ ከሌለ ኩባንያው የሚከፍለው በአምራቹ የመጨረሻ ካታሎግ ዋጋ ነው የሚል ፖሊሲ አለ። የቮልስ ምርት ሜክሲኮ ላይ በ2003 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የቆመው፤ የእናንተ ሞዴል ካታሎግ ደግሞ ከዚያም የቆየ ነው። በዚያ ዋጋ ዛሬ መብራት ቀርቶ የመብራቷን ጎማ አይገዛም። ሦስተኛው ጋራዥ ማን ይመርጣል የሚለው ነው። ዝቅተኛ ጨረታ ያሸነፈ ጋራዥ ፓራፋንጎውን ቆርጦ ይበይደዋል፤ ቮልስ ላይ ግን ፓራፋንጎ በብሎን ነው የሚታሰረው፣ ፈትቶ ሙሉውን መቀየር ይቻላል።

ከገበያ በታች ያስገባም አለ፣ አረቦን ለመቀነስ። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ መኪናዋ 1,000,000 ታወጣለች፣ እናንተ 500,000 ብላችሁ አስገብታችኋል፣ ጥገናው 160,000 መጣ። ኩባንያው የሚሰጣችሁ ግማሹን፣ 80,000 ነው፣ ከዚያም ኤክሰስ ይቀነሳል። ዋጋው በስምምነት የተወሰነ ከሆነ ይህ የተመጣጣኝነት ሂሳብ አይነሳም ተብሎ እንዲጻፍ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ብዙ ሰው አይጠይቅም።

ብሩ ደግሞ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ተከልክሏል፣ ባገለገለ መኪና ላይ የተጣለው ኤክሳይዝም ከ2012 ጀምሮ ከባድ ነው። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የመተኪያ ዋጋዋን ይገፋሉ፤ በፖሊሲው ላይ የተስማማችሁበት ቁጥር ግን ለ12 ወር በረዶ ነው። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ከፍ የሚደረግበትን አንቀጽ ጠይቁ፤ ተጨማሪው አረቦን ለቀረው ጊዜ ብቻ ነው የሚታሰበው። አረቦን ሳይከፈል ሽፋን ስለሌለ የከፈላችሁበትን ቀን ደረሰኝ ከኢንዶርስመንቱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ።

አጠቃቀም የሚለው አንቀጽ አሮጌ መኪና ያለውን ሰው በአንድ ነገር ይይዘዋል፦ ሠርግ። መኪናዋ አምራለች፣ ጎረቤት ለሙሽራ ይጠይቃል፣ በኋላም ሰው በክፍያ መውሰድ ይጀምራል። ለግል አገልግሎት የተገባ ፖሊሲ በኪራይ ላይ ለደረሰ አደጋ አይከፍልም። ለወንድማችሁ በነጻ መስጠትና በ10,000 ብር ማከራየት ኩባንያው ፊት ሌላ ሌላ ነገር ናቸው። መካኒክ ለሙከራ ሲያወጣትም መንጃ ፈቃዱ ደረጃ የሚመጥን መሆኑን እዩ።

ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ በመሠረታዊው ሽፋን ውስጥ መኖራቸውን አትገምቱ። ክረምት ላይ አዳማ ዝቅ ባለው ሰፈር ውሃ እንዴት እንደሚወርድ ታውቃላችሁ፣ የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥም እዚህ ድረስ ተሰምቷል። ከከተማ የምታወጧት ከሆነ የጭነት መኪና ሰዎች ቢኤስጂ የሚሉትን፣ ሽፍታና የመሳሰለውን፣ ጠይቁ። ሁሉም ተጨማሪ ክፍያ አለው።

እሳትን በሚመለከት ፖሊሲው ይከፍላል፣ ግን ቮልስ ላይ እሳት የሚነሳበት ምክንያት ስለሚታወቅ የጥገና ደረሰኝ ያዙ። ባትሪው የኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ረዘም ያለ ባትሪ ገብቶ ክዳኑ ከሌለ፣ ከኋላ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ሁለቱን ጫፍ ያገናኛል፣ ከዚያ የወንበሩ ሙሌት ይጨሳል። ሌላው ሞተሩ ላይ የሚያልፈው የቤንዚን ጎማ ነው፤ ውስጡ 5 ሚሊሜትር የሆነውን፣ በክላምፕ የሚታሰረውን አስገቡ፤ በአዳማ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም። የእሳት ማጥፊያውን ከፊት፣ እጅ በሚደርስበት አድርጉ።

አደጋ ከደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ ለኩባንያው አሳውቁ፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ውሰዱ፣ መኪናዋን መሐንዲስ ሳያያት አታስፈቱ። ሙሉ ውድመት ከተባለ ደግሞ ቅሪቱ፣ ሳልቬጅ የሚሉት፣ የኩባንያው ይሆንና በጨረታ ይሸጣል። ለአሮጌ መኪና ባለቤት በሮቹ፣ መስታወቱ፣ ክሩስኮቱ ለሚቀጥለዋ መኪና ከገንዘቡ በላይ ይፈለጋሉ። ስለዚህ ውሉ ሲፈረም ቅሪቱን በምን ዋጋ ማስቀረት እንደምትችሉ አስገቡ፤ ከስምምነት ዋጋው በፐርሰንት ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ሊብሬው በዚያ ጊዜ ማን ዘንድ እንደሚቀርም አብሮ ይጻፍ። ሊብሬ የሌላት ቅሪት መለዋወጫ ትሆናለች እንጂ ቦሎ ለጥፋችሁ መልሳችሁ መንገድ ላይ አታወጧትም።