ስቴይን ከመግዛታችሁ በፊት በሩን በውሃ ጠብታ ጠይቁት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ቤት ውስጥ እንጨት ነው፤ በር፣ የበር ፍሬም፣ ዞኮሎ (የግድግዳ ግርጌ ላይ የሚዞረው እንጨት)፣ የደረጃ መደገፊያ። ለገጣፎም ይሁን ሰበታ፣ ሱሉልታም ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ ዓመታት የኖሩበት ቤት በር ያው ነው። እጀታው ዙሪያ በእጅ ወዝ ጠቁሯል፣ ታችኛው በኩል በመወልወያ ውሃ ነጥቷል፣ ቡና የሚፈላበት ጥግ ያለው ደግሞ የዕጣን ጭስ ጠግቧል። ሰው ይሄን አይቶ በቀጥታ ስቴይን፣ ማለትም እንጨት ውስጥ ሰርጎ የሚያቀልም ፈሳሽ፣ ሊገዛ ይሄዳል። እኔ ግን መጀመሪያ በሩ ይጠየቅ ባይ ነኝ።

ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ አንድ ጠብታ አሳርፉበት። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ላዩ ላይ ገና ቫርኒሽ አለ። በደቂቃ ውስጥ ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው ቫርኒሹ አልቋል። ለምን ይሄን ያህል አስፈለገ? ስቴይን እንደ ቀለም ላይ የሚቀመጥ አይደለም፣ እንጨቱ ውስጥ መግባት አለበት። ቫርኒሽ ላይ ከተቀባ መግቢያ ያጣል፤ ለቀናት እጅ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅም በጥፍር ይላጣል። ከዚያ «የሸጡልኝ ፎርጅድ ነው» ይባላል።

ጠብታው በየቦታው ከቆመላችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ስቴይን አያስፈልግም። በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል) በስሱ አሹት፣ አንድ እጅ ቫርኒሽ ድገሙለት። በቃ።

ቫርኒሹ ካለቀ ግን እዚህም እዚያም የተረፈው ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት። በሩ ምን እንደሆነ እዩ። ወረቀት የለበሰ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ከሆነ ተዉት፣ ስቴይን አይገባውም። ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ጣውላ) ከሆነ የላይኛው ልባስ በጣም ስስ ነው፤ ማሽን አታስነኩት፣ በእጅ ከ120 ጀምሩ። ሙሉ እንጨት፣ ዋንዛም ሆነ ጥድ፣ በ80 ይጀመራል፣ ቀጥሎ 120፣ ከዚያ 150፣ እዚያ ላይ ይቆማል። 220 ድረስ ከሄዳችሁ የእንጨቱ ቀዳዳ ይደፈንና ቀለሙ ፈዝዞ ይቀራል። ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ አሹ። በአግድም የተፋቀ ጭረት ደረቅ ሆኖ አይታይም፤ ስቴይን ሲነካው ግን ጠቁሮ ይወጣል። የስልክ መብራት በጎን አስጠግታችሁ ብታበሩበት ቀድማችሁ ታገኙታላችሁ። በነገራችን ላይ ድሮ የዘይት ቀለም የተቀባ በር እርሳስ ያለበት ቀለም ሊሆን ስለሚችል አቧራው ለልጆች አደገኛ ነው። በደረቁ አትፋቁት።

አሁን ብዙ አናጢ ከእኔ ጋር የማይስማማበት ነገር ላይ ደረስኩ። የምስማር ቀዳዳ በሰጋቱራና በኮላ ይደፈናል፤ የተለመደ ነው፣ ለሚቀባ በር ምንም አይል። ለስቴይን ግን ኮላ ጠላት ነው። ኮላ የነካው ቦታ ስቴይን አይቀበልም፣ እንደ ጉድፍ ነጥቶ ይቀራል። ነጭ ስቱኮም እንደዚሁ። ቀዳዳውን ስቴይኑ ከደረቀ በኋላ፣ የመጀመሪያው እጅ ቫርኒሽ ላይ፣ ቀለሙን በሚመስል ስቱኮ ድፈኑት።

መጠኑን በተመለከተ፣ አንድ ሊትር ስቴይን በግምት 10 ካሬ ሜትር አንድ እጅ ይሸፍናል። 2.10 ሜትር በ80 ሳንቲሜትር የሆነ በር ሁለት ፊቱ 3.4 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ፍሬሙን ስትጨምሩ አንድ ሊትር ለሁለት በር ይበቃል። ቆርቆሮው ከአንድ በላይ ከሆነ በአንድ ባልዲ ደባልቁ፣ አለበለዚያ የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ ቀለም ይለያያል። ቀለሙ ታች ስለሚዘቅጥ በየመሃሉ አማስሉ። መጀመሪያ በሩ አናት ላይ፣ ማንም የማያየው ጠርዝ ላይ ሞክሩት፤ ቫርኒሽም ጨምሩበት፣ የመጨረሻው መልክ ያ ነው።

በሩን ከማጠፊያው አውልቃችሁ ወንበሮች ላይ አስተኙት። ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ ጥላ ፈልጉ፤ የበጋ ፀሐይ ሳትጠርጉት ያደርቀዋል፣ የተደራረበው መስመር ሆኖ ይቀራል። በጨርቅ በብዛት ቀቡ፣ 5 ወይም 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ የተረፈውን በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አንሱ። መጥረጉ ላይ መሰሰት አያስፈልግም፣ የሚፈለገው ገብቷል። ጥድ ቀለሙን አዥጎርጉሮ የመጠጣት ጠባይ አለው፤ ለእሱ ቀድማችሁ በቲነር በጣም የቀጠነ ቫርኒሽ ብታስነኩትና ሲደርቅ በስሱ ብታሹት ይረጋጋል። የተቆረጠው ጫፍ በማንኛውም እንጨት አብዝቶ ይጠጣል፣ እዚያ ቶሎ ጥረጉ።

ዘይት ነክ ስቴይን ቢያንስ አንድ ቀን፣ በክረምት ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋል። ነጭ ጨርቅ አሹበት፤ ጨርቁ ከቀለመ አልደረቀም። ቫርኒሹን በጠዋት ቀቡ፣ የኮረኮንች መንገዱ አቧራ ከመነሳቱ በፊት፤ ግቢውንም ውሃ አርከፍክፉበት። የመጀመሪያውን እጅ በቲነር ከ10 እስከ 15 በመቶ አቅጥኑ፣ በ220 አሹ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ሁለተኛውን ሳታቀጥኑ ድገሙ። የበሩ ታችኛውና ላይኛው ጠርዝ አይታይም ተብሎ ይዘለላል፤ ክረምት ላይ እርጥበት የሚገባውና በሩን አሳብጦ የሚያስነክሰው ግን በዚያ ነው።

አንድ የቀረ ነገር። ዘይት ነክ ስቴይን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትወርውሩ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ሙቀቱን አፍኖ ይዞ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ነክራችሁ ክደኑት።